ኦርኪድ ቅጠል ላይ የወጣ ውሃማ ቁስል፦ መድኃኒቱን ተይውና ዛሬውኑ ቁረጪው

ጥያቄ፦ «አራስ ሳለሁ የሥራ ባልደረቦቼ ያመጡልኝ ነጭ አበባ ያለው ኦርኪድ አለኝ። ዓመት ሊሞላው ነው። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሦስት ቀን በፊት አንዱ ቅጠል መሃል ላይ የምስር ፍሬ የምታክል፣ ውሃ የቋጠረች ምልክት አየሁ። ዛሬ የቅጠሉን ግማሽ ልትይዝ ነው፣ መሃሏም ጠቁሯል። ከሁሉም በታች ያለው ቅጠል ደግሞ ቢጫ ሆኗል። እርጥበት ይወዳል ስላሉኝ ጠዋትና ማታ ቅጠሉ ላይ ውሃ እረጫለሁ። ጓደኛዬ ቲቲሲ ቅባት ቀቢው አለችኝ። የእርሻ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ደግሞ ፈንገስ ነው ብሎ ሪዶሚል ሸጠልኝ፣ ገና አልከፈትኩትም። ይድናል ወይስ ልጣለው? ለልጄስ ያሰጋል?»

ሪዶሚሉን አትክፈቺው። ቲቲሲውንም ተይው። ውሃ መርጫውን ከአበባው አጠገብ አንሺና አዲስ ምላጭ ፈልጊ። ሌላው ሁሉ ነገ ሊደርስ ይችላል፣ መቁረጡ ግን ለነገ አይደርም።

ፈንገስ ነው የተባልሽው ስህተት ነው። በሦስት ቀን ከምስር ፍሬ ተነስቶ ግማሽ ቅጠል የሚይዝ፣ ውሃ የቋጠረና መሃሉ የሚጠቁር ቁስል የባክቴሪያ ሥራ ነው። ቅጠል ላይ የሚወጣ ተራ ፈንገስ እንዲህ አይሮጥም። እሱ በሳምንታት ነው የሚሰፋው፣ አብዛኛውን ጊዜም ደረቅ ነው። ለማረጋገጥ ቅጠሉን ሳትነቅይ ከጀርባው የስልክሽን መብራት አብሪበት። ፓስቲ የተጠቀለለበት ወረቀት አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል? ዘይት የነካው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፣ ያልነካው ይጋርዳል። የታመመው ቅጠልም ልክ እንደዚያ ነው። በጥቁሩ ቦታ ዙሪያ ቅባት የነካው የሚመስል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለበት ታያለሽ። ባክቴሪያው አሁን እየበላ ያለው እዚያ ቀለበት ላይ ነው። ጥቁሩ በልቶ የጨረሰው ነው። ስለዚህ ጥቁሩን ብቻ ቆርጦ የተወ ሰው በሽታውን እዚያው ትቶታል፤ «ቆርጬው ነበር፣ ተመልሶ መጣ» የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ያደረጉት ይህንን ነው።

እንዲህ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አሲዶቮራክስ የሚባለው ነው፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ቁስል ያወጣል። እንዳንቺ ዓይነቱን ኦርኪድ፣ ማለትም ፋሌኖፕሲስን፣ በጣም ይወዳል። ሁለተኛው ድሮ ኤርዊኒያ ይባል የነበረው ቡድን ነው። እሱ ቅጠሉን እንደ ተቀቀለ ጎመን ያልመዋል፣ ሽታውም መጥፎ ነው። ጠጋ ብለሽ አሽትቺው። የበሰበሰ አትክልት የሚሸት ከሆነ ያለሽ ጊዜ በቀን ሳይሆን በሰዓት የሚቆጠር ነው፣ ሙሉ ቅጠል በሁለትና በሦስት ቀን ይጨርሳልና። ካልሸተተ ትንሽ ፋታ አለሽ። የሚደረገው ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ከየት መጣ ለሚለው መልሱ የምትረጪው ውሃ ነው። ባክቴሪያ ቅጠል ውስጥ ለመግባት ውሃ ያስፈልገዋል። ቅጠል በሚተነፍስባቸው ደቃቅ ቀዳዳዎች ወይም በትንሽ ጭረት በኩል ይገባል፣ የሚረጨው ጠብታ ደግሞ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ያሻግረዋል። «ኦርኪድ እርጥበት ይወዳል» ያሉሽ ሰዎች አልዋሹሽም፣ ግን የሚወደው አየሩ እርጥብ ሲሆን እንጂ ቅጠሉ ሲረጥብ አይደለም። የረጨሽው ውሃ የክፍሉን አየር የሚያረጥበው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ቅጠሉ ላይ ግን፣ በተለይ የማታው፣ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። የበጋው ደረቅ አየር ካሳሰበሽ ሰፊ ሰሃን ላይ ጠጠር ደርድሪ፣ ትንሽ ውሃ ጨምሪበትና ማሰሮውን ጠጠሩ ላይ አስቀምጪው። የማሰሮው ቂጥ ውሃውን መንካት የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅምሻል። ፋሌኖፕሲስ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ተክል ነው፤ ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ አገሩ ናቸው። እዚያ አፈር ላይ አይበቅልም። የዛፍ ግንድ ላይ ተጣብቆ፣ ወደ ጎን አዘንብሎ፣ ቅጠሎቹን ወደ ታች ጥሎ ነው የሚኖረው። በእኛም አገር በከፋና በኢሉባቦር የቡና ደኖች ውስጥ ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው የሚኖሩ የራሳችን ኦርኪዶች አሉ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በቅጠሉ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ንፋስ ያደርቀዋል። እኛ ግን ቀጥ አድርገን ማሰሮ ውስጥ እናቆመዋለን። ያኔ አዲስ ቅጠል የሚወጣበት መሃሉ፣ እምብርቱ፣ እንደ ሲኒ ውሃ የሚቋጥር ጉድጓድ ይሆናል። እኔ ራሴ አንድ ነሐሴ ላይ ለጥቂት ቀን ወጣ ብዬ፣ በተከፈተ መስኮት የገባ ዝናብ አንዱ ኦርኪዴ እምብርት ላይ ተጠራቅሞ ጠበቀኝ። ቅጠሎቹ አረንጓዴ ናቸው፣ ሲታዩ ምንም አልሆኑም። የላይኛውን ነካ ሳደርገው ግን ከነመሠረቱ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ግንዱ ጋ የተያያዘበት ቦታ ጥቁር ልጥልጥ ሆኗል። ያንን ተክል ማዳን አልቻልኩም። ካንቺ ኦርኪድ እምብርት ላይ ዓይንሽን እንዳትነቅይ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ስለ መድኃኒቶቹ። ሪዶሚል በራሱ መጥፎ መድኃኒት አይደለም። ገበሬው ለድንችና ለቲማቲም ዋግ የሚረጨው ነው። በውስጡ ያሉት ሁለት ኬሚካሎች ለዋግ ዓይነቱ በሽታና ለአንዳንድ ፈንገሶች የተሠሩ ናቸው። ባክቴሪያን አይገድሉም። ብትረጪው ቅጠሉን ደግመሽ ታረጥቢዋለሽ፣ መድኃኒት አድርጌያለሁ ብለሽም ትዘናጊያለሽ፣ በዚህ መሃል ቁስሉ ግንድ ላይ ይደርሳል። ከዚያም በላይ ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ የእርሻ መድኃኒት አይረጭም። ልጅሽ ሊደርስበት የማይችል ቦታ፣ በራሱ ማሸጊያ ውስጥ አስቀምጪው። በምንም ዓይነት ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ አትበጥብጪው፤ ሰው ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

ቲቲሲ የሰው ዓይን ቅባት ነው። ቅጠሉ ላይ ብትቀቢው ላዩን ይለጠፋል እንጂ ባክቴሪያው ያለበት ውስጥ አይገባም፣ ቅጠሉ የሚተነፍስበትንም ይደፍናል። ካፕሱል ከፍተው ዱቄቱን በውሃ የሚበጠብጡም አሉ። አንቲባዮቲክን እንዲህ ሳይለኩ በየቤቱ መድፋት መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ማርባት ነው፣ እባክሽ አታድርጊው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ይመከራል። አረፋ ሲያወጣ የሠራ ይመስላል፣ ግን አረፋው ከጤነኛው የቅጠል ክፍልም ይወጣል፣ ያቆስለዋልም። ባክቴሪያ ላይ የተወሰነ ጥቅም ያለው መዳብ ያለበት መድኃኒት ነው። እሱም ቢሆን ያልተያዘውን ቅጠል ይጠብቃል እንጂ የተያዘውን አይፈውስም፣ አበባውን ያበላሻል፣ ዴንድሮቢየም የሚባለውን የኦርኪድ ዓይነት ደግሞ ይጎዳል። አንድ ማሰሮ ላለው ሰው አልመክረውም።

ስለዚህ ምላጩ። ከመጀመርሽ በፊት ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፊ፣ እጅሽን ታጠቢ። አዲስ ምላጭ ከሆነ ሰባ በመቶ አልኮል ባለው ጥጥ ጥረጊው። ቢላ ወይም መቀስ ከሆነ እሳት ላይ አስነኪውና ይቀዝቅዝ። ሁለቱን ግን አታደባልቂ፣ አልኮሉ ሳይደርቅ ወደ እሳት አይጠጋም። መብራቱን ከኋላ አብሪ፣ ብርሃን የሚያሳልፈው ቀለበት የሚያበቃበትን ለዪ። ከዚያ ወደ አረንጓዴው ሁለት ሴንቲሜትር ገብተሽ ቁረጪ። ጤነኛ የሚመስል ቅጠል መቁረጥ ያሳሳል፣ አውቃለሁ። አትሳሺ። ሁለተኛ መቁረጥ ካስፈለገሽ ምላጩን መጀመሪያ ጥረጊው፣ በየቁርጡ።

ቁስሉ ከግንዱ አራት ሴንቲሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ከሆነ ግን ቅጠሉን ማትረፍ አያዋጣም፣ ሙሉውን አውጪው። አወጣጡ ቀላል ነው። ቅጠሉን ከጫፉ ጀምረሽ በመሃል አከርካሪው ላይ እስከ ግንዱ ድረስ ለሁለት ሰንጥቂው፣ ከዚያ አንዱን ግማሽ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ግንዱን ሳይቦጭቅ ይለቃል። ወደ ታች ከጎተትሽው ግን ግንዱን ልጦ ሌላ የበሽታ በር ይከፍታል።

የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ከወጥ ቤትሽ የተፈጨ ቀረፋ ነስንሺበት። ቀረፋ ቁስሉን ያደርቃል፣ ባክቴሪያም ፈንገስም የማይስማማው ነገር አለው። ሥሩ ላይ ግን እንዳይነካ። ቁስልን የሚያደርቀው ቀረፋ ሥርንም ያደርቃል፣ ደህና ተክል በቀረፋ የሚበላሸው በዚህ ነው። የቆረጥሽውን ቅጠል በፌስታል ቋጥረሽ ጣይው እንጂ ሌላ አበባ ሥር አትተዪው። ከዚያ ተክሉን ከሌሎቹ ለይተሽ፣ ስስ መጋረጃ ያለው ብሩህ መስኮት አጠገብ አድርጊውና አምስት ቀን ውሃ አትስጪው። ፋሌኖፕሲስ ወፍራም ቅጠሉ ውስጥ ውሃ ስለሚያከማች አምስት ቀን ጠማኝ አይልም። ክፍሉ ውስጥ አየር ይንቀሳቀስ። ትንሽ ማራገቢያ ካለሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረሽ በዝቅተኛው ፍጥነት ክፈቺው፣ ተክሉን በቀጥታ አይምታው። ከመድኃኒቶቹ ሁሉ የተሻለ የሚሠራው ይህ ነው፦ ደረቅ ቅጠልና የሚንቀሳቀስ አየር።

በየጠዋቱ መብራቱን ከኋላ እያበራሽ ጠርዙን ተመልከቺ። ጠርዙ ከደረቀ፣ ቡናማና ጠንካራ ከሆነ ተሳክቷል። እንደገና ያ ቅባት የሚመስል ቀለበት ከታየ በዚያው ቀን ደግመሽ ቁረጪ። ሁለት ሳምንት ምንም አዲስ ነገር ካልወጣ ወደ ቦታው መልሺው።

ከታች ያለው ቢጫ ቅጠል ምናልባት ምንም አይደለም። ኦርኪድ በየጊዜው የታችኛውን አሮጌ ቅጠል ይጥላል። እኩል ቢጫ እየሆነ፣ ቀስ ብሎ እየተጨማደደ ከደረቀ እርጅና ነው። በራሱ ሲለቅ ታነሺዋለሽ፣ አትጎትቺው። ሁለት ሦስት ቅጠል በአንዴ ቢጫ ከሆነ ግን ነገሩ ሥር ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኦርኪዱ የሚሸጠው ግልጽ ፕላስቲክ ማሰሮ ውስጥ ነው፣ ያ ደግሞ ለውበት ተብሎ ቀዳዳ የሌለው ሴራሚክ ውስጥ ይከተታል። ሴራሚኩ ሥር ውሃ ይጠራቀማል፣ ከላይ አይታይም። አሁኑኑ አውጥተሽ እዪው። ጤነኛ ሥር ሲደርቅ ብርማ፣ ሲረጥብ አረንጓዴ ነው፣ ስትጫኚው ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ ይሟሽሻል። ሳብ ስታደርጊው ቆዳው ይወልቅና መሃሉ እንደ ክር ይቀራል። እንዲህ ያለ ካለ ቁረጪና ተክሉን በአዲስ የዛፍ ቅርፊት ላይ ትከዪው። አፈር ላይ አይሆንም። አፈር ሥሩን ያፍነዋል።

ወደፊት ሌላ ዓይነት ምልክት ቢወጣ እንዳትደነግጪ ልዩነቱን ልንገርሽ። ፀሐይ ያቃጠለው ቦታ መጀመሪያ ይነጣል፣ ከዚያ እንደ ወረቀት ይደርቃል። ፀሐዩ በሚያርፍበት የቅጠሉ ጉብታ ላይ ነው የሚወጣው፣ በወጣበትም ይቆማል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ የበጋ ፀሐይ በመስታወት ውስጥም ያቃጥላል። ቅጠሉን በእጅሽ ዳሰስ አድርጊው፣ የሚሞቅ ከሆነ አርቂው። ይህ በሽታ ስላልሆነ መቁረጥ አያስፈልገውም። ብርድ ደግሞ ቅጠሉ ላይ የሰረጎዱ ምልክቶች ያወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት መስታወት ላይ የተጠጋ ቅጠል ይጎዳል፣ ከቧንቧ የተቀዳ በጣም ቀዝቃዛ ውሃም እንዲሁ። ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ስለሆነ ሰው ከምን እንደመጣ አያስታውስም። ክፍሉ ሌሊት ከ16 ዲግሪ በታች ባይወርድ ጥሩ ነው፣ ውሃውንም አሳድረሽ ስጪው።

እውነተኛው የፈንገስ ቁስል አንትራክኖዝ የሚባለው ነው። ብዙ ጊዜ ከቅጠል ጫፍ ይጀምራል፣ ቡናማና ደረቅ ነው፣ ውስጡ ቀለበት በቀለበት ነው። ከጫፉ ቆርጦ አየር እንዲያገኝ ማድረግ ለቤት በቂ ነው። ከእምብርቱ ወይም ከሥሩ ጥቁር ሆኖ ወደ ላይ የሚሮጥ ብስባሽ ሌላ ነው፣ ከድንች ዋግ ጋር ዘመድ የሆነ ተውሳክ ያመጣዋል። ሪዶሚል ሊረዳ የሚችለው እዚያ ላይ ነው፣ እሱም ከቤት ውጭ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጎ፣ ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው። ቅጠሉ ስትነኪው እጅ የሚያጣብቅ ከሆነ ወይም ብብቱ ውስጥ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካየሽ ተባይ ነው፣ በአልኮል በተነከረ የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ እየነካሽ አንሺው፣ በየሳምንቱ ድገሚው።

አንዱ ግን መድኃኒት የለውም፤ ቫይረስ። ቅጠሉ ላይ ፈዘዝ ያለና የጠቆረ መስመር ተዥጎርጉሮ ይታያል፣ ሲቆይ ጥቁር ስርጉድ ነጥቦች ይወጣሉ፣ አበባውም ይዥጎረጎራል። ከተክል ወደ ተክል የሚያሻግረው ብዙ ጊዜ የእኛው መቀስ ነው። አልኮል ቫይረስን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይገድልም። ከአንድ በላይ ኦርኪድ ያለው ሰው መቀሱን እሳት ያስነካው፣ ወይም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ አሥር ደቂቃ ይዘፍዝፈው። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅዪ፣ የሚወጣው ጋዝ አደገኛ ነው። ለአንድ ኦርኪድ ከሆነ አዲስ ምላጭ ተጠቅሞ መጣል ይቀላል።

ውሃ አሰጣጥሽን ከዛሬ ጀምሮ ቀይሪው። ቀን ቆጥረሽ ሳይሆን ሥሩን አይተሽ ስጪ። ሥሩ ብርማ ሲሆን ጠዋት ላይ ሥሩን ብቻ አጠጪ፣ በአዲስ አበባ አየር ይህ ብዙ ጊዜ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ውስጥ ይደርሳል፣ በክረምት ይዘገያል። ውሃው ሙሉ በሙሉ ይውረድ፣ ከዚያ ወደ ሴራሚኩ ይመለስ። እምብርቱ ላይ ጠብታ ካረፈ የሶፍት ጫፍ ጠቅልለሽ አስገቢና ምጠጪው። ሶፍቱ ሲወጣ ደረቅ መሆን አለበት።

ስለ ልጅሽ፣ በሽታው የተክል በሽታ ስለሆነ ወደ እሱ አይተላለፍም። ፋሌኖፕሲስም መርዛማ ተክል አይደለም። ቤት ውስጥ የሚያሰጋው ያ ሪዶሚልና ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ምላጭ ነው።

ልጣለው ወይ ላልሽው፦ አትጣይው። ቁስሉ ቅጠል ላይ እስካለ ድረስ ተክሉ የመዳን ዕድሉ ጥሩ ነው። ነገር ግን ፋሌኖፕሲስ የሚያድገው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው። እምብርቱ ከሞተ ከላይ አዲስ ቅጠል አያወጣም። ያኔ ሥሩና የግንዱ የታችኛው ክፍል ጠንካራ ከሆነ በደረቅ አቆይተሽ ጠብቂው፤ አንዳንዴ ከወራት በኋላ ከጎኑ ትንሽ ልጅ ይወልዳል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ግንዱን በጣትሽ ስትጫኚው ከለሰለሰና ውስጡ ከጠቆረ አልቋል፣ ያኔ ከነቅርፊቱ በፌስታል ቋጥረሽ ጣይው፣ ማሰሮውን በበረኪና ሳታጥቢ ሌላ ተክል አትትከዪበት። ቆርጠሽ ከጨረስሽ በኋላ የቀረው ቅጠል ከሦስት ካነሰ፣ አበባ ላይ ቢሆንም እንኳ የአበባውን ዘንግ ቁረጪና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርጊው። አበባው እዚያ ቀናት ይቆይልሻል፣ ተክሉም ያለውን አቅም አዲስ ቅጠል ማውጫ ያደርገዋል።